ጣራው ላይ ስሮጥ

እህቶቼ፣ ስለ ደመወዝና ስለ ኢቃማ የጻፋችሁትን ሁሌም አነባለሁ። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሩጫ ነው። አትሳቁብኝ።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ትምህርት ቤት እየሮጥን ነበር የምንሄደው፤ እንዳይረፍድብንም እንዲሞቀንም። አባቴ አበበ ቢቂላን እንደ ዘመድ ነበር የሚያየው፤ የተወለደው ከእኛ ብዙ በማይርቀው በጃቶ ነዋ! ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። እንጀራው ውትድርናው ነው፤ ሩጫውን የያዘው ከሥራው ጋር ነው።

እኔም እስከ አሥረኛ ክፍል ለትምህርት ቤቴ ሮጫለሁ። ትልቁ ውጤቴ አራተኛ መውጣት ነው። ከዚያ ኩዌት መጣሁ፤ ሳልሚያ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት። ቀኑን ሙሉ ደረጃ ስወጣ ስወርድ ውዬ ማታ እግሬ ያብጣል። ይሄ ሩጫ አይደለም። ስሮጥ እግሬን የማዘው እኔ ነኝ፤ ደረጃው ላይ የሚያዘኝ «ተዓሊ!» የሚለው ድምፅ ነው።

ልብስ የማሰጣው ጣራው ላይ ነው። አንድ ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል፣ ቤቱ ሁሉ እንደተኛ፣ ወጥቼ ሮጥኩ። ከውሃው ታንከር እስከ ዲሹ 31 እርምጃ ነው። ስመላለስ ላብ አሰመጠኝ፤ ያን ቀን ሥራውም ቀለለኝ። ከዚያ በየሌሊቱ ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ጎረቤት አይታኝ ለማዳሜ ደወለች፤ «ሠራተኛሽ ጣራ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ልትዘል ነው» ብላ። ማዳሜ በሌሊት ልብሷ በባዶ እግሯ ወጥታ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳሰቡ እናንተ ታውቃላችሁ። ከፎቅ የወደቁ እህቶቻችንን ወሬ ያልሰማ የለም። «ሪያዳ፣ ማማ፣ ሪያዳ!» እያልኩ ቆሜ አለቀስኩ።

በማግስቱ የጣራው በር ተቆለፈ። ልብስ ሳሰጣ ብቻ ይከፈትልኛል። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ዕረፍት ጠይቄ አላውቅም ነበር። ወጥቼ ምን ላደርግ? ገንዘብ ላጠፋ? አሁን ግን የምፈልገው ነገር ነበረኝ። አንዲት ጓደኛዬ ሕጉን ነገረችኝ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ቁጥር 68 ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጣል፣ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ ይላል፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድም ከነደመወዙ አለ። ጠየቅኩ። «ልትጠፊ ነው» አለችኝ። ደግሜ ጠየቅኩ፣ ዝም አለች። በሦስተኛው፣ «ጣራው ላይ ካልሆነ የት ልሩጥ?» ስላት ትንሽ አሰበችና ዓርብ ጠዋት እስከ 4 ሰዓት ፈቀደችልኝ። ሕጉ ሙሉ ቀን ነው የሚለው። ገና እጠይቃለሁ።

አሁን ዓርብ ዓርብ ገልፍ ሮድ ላይ፣ ባሕሩን በቀኜ ይዤ ወደ ኩዌት ታወርስ አቅጣጫ እሮጣለሁ። በበጋው ሙቀት 50 ዲግሪ ስለሚደርስ ፀሐይ ሳትወጣ ነው መጀመር ያለብኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ባሕሩ እግሬ ሥር ነው። ትንፋሽ አያጥረኝም፣ ወበቁ ግን ይጥለኛል። የኩዌትና የአገራችን ሰዓት አንድ ነው። እኔ ስሮጥ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን እየሄደች እንደሆነ አውቃለሁ።

«በዚህ ድካም ላይ ሩጫ?» የምትሉኝ አላችሁ። እውነታችሁን ነው፣ ይደክማል። ግን ሰው የራሱ የሆነ ነገር ከሌለው ዕረፍቱን እንኳ መጠየቅ ይረሳል። እኔ ረስቼው ነበር። የአንዷ መዝሙር፣ የሌላዋ ስፌት ሊሆን ይችላል። መሮጥ የምትፈልጉ ካላችሁ ግን ሲቪል አይዲያችሁንና ውሃ ያዙ፣ ሰው ካለበት አትራቁ። ዓርብ ጠዋት ሰማያዊ ሻርፕ አስራ የምትሮጥ ሐበሻ ካያችሁ እኔ ነኝ፤ ጥሩኝ፣ እቆማለሁ።