የፍቅር ፊደል በአባ ጅፋር እንጨት ላይ

እናንተዬ፣ ፍቅር የያዘው ሰው የማያደርገው ነገር አለ እንዴ? ዛሬ የራሴን ጉድ ላውጋችሁ።

ያደግኩት ጅማ፣ ሄርማታ ነው። ጥንት የሐሙስ ገበያው ሲራራ ነጋዴውን ከየአቅጣጫው ይጠራ የነበረው ሰፈር። አስራ አንደኛ ክፍል እያለሁ ከአንዲት ልጅ ጋር ወደ ጅሬን ወጣን፤ ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። እዚያ ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። ሰው ዘወር ሲልልኝ የስማችንን የመጀመሪያ ፊደሎች በሰንጢ ጣውላው ላይ ቀረጽኩ። እሷ ሳቀች፤ እኔ ጀግና የሆንኩ መሰለኝ!

ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን የገዙት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ነው። ቤታቸው እንደ አውሮፓ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አይመካም። ሞገሱ እንጨቱ ነው፤ ምሰሶው፣ ደረጃው፣ ሰገነቱ... የጅማ ሰው በርጩማን ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ ባለእጅ አይደል!

ታዲያ የእንጨት ጠላቱ ብዙ ነው። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጣሪያ ካፈሰሰ ውሃው በምሰሶው ይወርዳል፤ የምሰሶው እግር ከረጠበ ይበሰብሳል፤ ምስጥ ይከተላል። በሰንጢ የተጫረች ጭረትም ለውሃ በር ትከፍታለች።

ቤቱ በቅርብ ዓመታት ታድሷል። ሄጄ ፊደሌን ብፈልግ... የለም! ጣውላው በአዲስ ተተክቷል። እፎይ ማለት ሲገባኝ ሆዴ ባባ። ለልጅቷ እንዳይመስላችሁ፤ እሷማ አግብታ ወልዳለች። ያሳዘነኝ ጣውላው ነው። ደህና እድሳት የተበላሸውን ብቻ አውጥቶ፣ በዚያው ዓይነት እንጨት ገጥሞ፣ ጤነኛውን ባለበት ይተወዋል። የወጣው ግን የጥንቱን አናጢ የእጅ ምልክት ይዞ ይሄዳል። አዲሱ ጣውላ ቤቱን ያቆማል እንጂ ያንን እጅ አይመልስም። የእኔ ሰንጢ ከዝናቡና ከምስጡ ጋር ምን ያህል እንደተባበረ እግዜር ይወቀው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ፍቅራችሁን ይዛችሁ ጅሬን ውጡ። ምሰሶውን እዩ፣ ሰገነቱን አድንቁ፣ ፎቶ ተነሱ። ሰንጢውን ግን ቤት ተዉት። ስም መጻፍ ካማራችሁ ደብዳቤ ተጻጻፉ። ደብዳቤ ቢቀደድ የሚጎዳው ሁለት ሰው ብቻ ነው።

ቸር ያገናኘን!