ጭስ የሚመገብ አልጌ በኒደራውሰም

ከኮሎኝ በስተ ምዕራብ ያለው አገር ለጥ ያለ ሜዳ ነው። የስንዴው ማሳ ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል፤ ከማሳው ማዶ የኒደራውሰም የኃይል ማመንጫ ነጭ እንፋሎቱን ይተፋል። ትልቁ የማቀዝቀዣ ማማ 200 ሜትር ቁመት አለው። አብሮኝ የመጣው ወዳጄ ኮሎኝ የሚኖር ኢንጂነር ነው። «የምታየው እንፋሎት ነው፤ ጉዳቱ ያለው በማታየው ላይ ነው» አለኝ።

የማመንጫው ማገዶ ሊግናይት የሚሉት ቡናማ ከሰል ነው። ከሐዲዱ አጠገብ የወደቀ ጓል አንስቼ አየሁት፤ እርጥብ ነው፣ የእንጨቱ መስመር ገና ይለያል፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል። በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት የበቀለ ደን ከአየር ስቦ ያስቀመጠው ካርቦን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ብቻ ይህ ማመንጫ 27 ሚሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሰማይ ለቋል።

እኔን ወደዚህ ያመጣኝ ግን በ2008 ኤርቬኤ የተባለው ኩባንያ ከተመራማሪዎች ጋር እዚሁ የጀመረው ሙከራ ነው። ድኙ የተጣራለትን ጭስ በቧንቧ ወደ ግሪን ሃውስ ወሰዱት፤ እዚያም ጨዋማ ውሃ በያዙ፣ ብርሃን በሚያስገቡ የፕላስቲክ ከረጢቶች ውስጥ ለሚያድጉ አልጌዎች መገቡት። ቢሾፍቱ ሄዶ አረንጓዴ ሐይቅን ያየ ሰው የእነዚህን ደቃቃ ፍጥረታት ጉልበት ያውቃል፤ አንዷ ለዓይን አትታይም፣ ተባዝተው ግን ሐይቁን በሙሉ ቀለም ያለብሱታል። አንድ ኪሎ ደረቅ አልጌ ለማደግ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል። እንደ አልጌ ፈጥኖ የሚያድግ የእርሻ ሰብል ማግኘት ይከብዳል።

ችግሩ ቦታ ነው። የኒደራውሰሙ ዕቅድ በ600 ካሬ ሜትር ላይ በዓመት እስከ 12 ቶን ጋዝ ማስያዝ ነበር። ማሳው ዳር ቆመን በስልክ አሰላነው፦ የ2017ቱን ጭስ በሙሉ ለመያዝ ከ1,300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ግሪን ሃውስ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ስፋት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ያውም አልጌ ያለ ፀሐይ አይሠራም፤ ማመንጫው ግን ሌሊትም ይነዳል፣ የጀርመን ክረምት ደግሞ ረጅም ነው።

ወዳጄ ተስፋ አይቆርጥም። የዩሊሽ የምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ከአልጌ የአውሮፕላን ነዳጅ ለማውጣት መሞከራቸውን አነሳልኝ። ልፋታቸውን አከብራለሁ። ይሁን እንጂ ነዳጁ ሞተር ውስጥ ሲነድ ያው ካርቦን ተመልሶ ይወጣል፤ የሚተርፈው በእሱ ፈንታ ሊቃጠል የነበረው ድፍድፍ ከመሬት ሳይወጣ መቅረቱ ነው። በአልጌ ስም ከሰሉን ማንደዱን ለሚያራዝም ሰው ይህን ደጋግሞ መንገር ይገባል።

የዚህ አካባቢ፣ የራይንላንድ፣ ከሰል በ2030 እንዲያበቃ በ2022 ስምምነት ተደርሷል። አልጌው ያኔም ምግብ አያጣም። የኮሎኝ ቢራ ጠማቂዎች ጋን ሲፈላ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከከሰል ጭስ እጅግ የጠራ ነው፤ ከትናንት ወዲያ በታጨደ ገብስ ውስጥ የነበረ እንጂ ከጥንት ደን የተቆፈረ አይደለም። ለዓሣ መኖና ለዘይት የሚሆን አልጌ እዚያ ጎን ቢተከል እመርጣለሁ።