ዕረፍቱ በነፃ አልመጣም



ዒድ ሲቃረብ መካከላችን የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ጨረቃ ታየች?» ቀጥሎ ደግሞ «እሁድ ላይ እንዳይውል ብቻ!» እንባባላለን። እሁድ ከዋለ አንድ የዕረፍት ቀን የተቀማን ይመስለናል።

አባቶቻችን ግን ይህን ዕረፍት አያውቁትም ነበር። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዒድ ከሕዝብ በዓላት አይቆጠርም። የሰፈራችን አንድ አዛውንት እንዳጫወቱን፣ በተማሪነታቸው የዒድ ሶላት ሰግደው በቀጥታ ወደ ክፍል ይሮጡ ነበር። ካረፈዱ ቅጣት አለ። ዒድን ከቤተሰብ ጋር የሚበሉት ማታ ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሙ አዲስ አበባ ላይ አደባባይ ወጣ። ካነሳቸው 13 ጥያቄዎች አንዱ በዓሎቻችን በአገር ደረጃ ይከበሩ የሚል ነበር። ሌላው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ሥራቸው አንድ ነው፤ በዓሉን ቀን መቁጠሪያው የማያውቅለት ሰው በገዛ አገሩ እንግዳ ነው። በሰልፉ ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ወጥተዋል። በ1967 ዒድ አል-ፊጥር፣ ዐረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ።

እኛስ በዚህ ቀን ምን እያደረግን ነው? እውነቱን እንነጋገር። ሌሊቱን ስልክ ላይ አሳልፈን፣ ተክቢራው ሲያስተጋባ እንቅልፍ ላይ የነበርን አለን። አባቶቻችን ሰግደው ወደ ሥራ ሮጡ፤ እኛ ሥራ ሳይኖርብን ሶላቱ አመለጠን!

ሌላም ሐቅ አለብን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰውን የማያመሰግን አላህንም እንደማያመሰግን አስተምረውናል። በእምነት ሥርዓት መካፈል ሌላ ጉዳይ ነው፤ የጎረቤትና የባልደረባ ሐቅ ግን የዲናችን ክፍል ነው። በገናና በፋሲካ «ሂድ፣ ተረኛነቱን እኔ እሸፍንልሃለሁ» እንበል። በዒድ ቀን ይህንኑ ያደረጉልን ብዙ ናቸው።

ውድ ወንድምና እህቶች! ያንን ቀን ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬ በጣም ጥቂት ናቸው። በመጪው ዒድ ከሶላት በኋላ አንዳቸውን እንዘይር፤ «አባባ፣ ያኔ የት ነበሩ?» ብለን እንጠይቅ። ዱዓቸውንም እንቀበል።

ለዚህ ቀን የለፉትን አላህ ይዘንላቸው፣ እኛንም አማናውን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን!