የሁለት ሃይላንዶች ወንፈል

እኛ የፕላዝማ ልጆች ነን። በ1997 ዓ.ም. በየሃይስኩሉ መሰቀል የጀመረው ያ ሰፊ ቴሌቪዥን ያስተማረን፣ ፊዚክስን ከሳተላይት የተቀበልን፣ “ሁለት ደቂቃ አላችሁ” ተብለን ደብተር ሳንገልጥ ሁለቱ ደቂቃ ያለቀብን ትውልድ። የፕላዝማው መምህር አይጠየቅም። ቁም ቢሉት አይቆምም። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ይጠፋል፤ ነገ ሌላ ርዕስ ነው። የክፍሉ መምህር ደግሞ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ እሱም እንደኛው ተመልካች ነው።

ፔንዱለም የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው እዚያ ስክሪን ላይ ነው። ኳሷ በክር ተንጠልጥላ ወዲያና ወዲህ ስትል አየን፣ ቀመሩን ገለበጥን፣ ፈተና ላይ ጻፍን፣ አለፍን። አንድም ቀን ግን ክሩን በእጃችን አልነካነውም።

ይሄ ነገር ትዝ ያለን በ2014 ክረምት፣ ኩታበር ላይ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ፊት ጠመኔ ይዘን ከቆምን በኋላ ነው።

ኩታበርን ለማታውቁ፦ ከደሴ ተነስታችሁ ቦሩ ሜዳን አልፋችሁ ወደ ሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ የምታገኟት የደቡብ ወሎ ደጋ ከተማ ናት። ብዙዎቻችሁ ስሟን የሰማችሁት በጥቅምት 2014 በዜና ይሆናል። ጦርነቱ ደሴ ከመግባቱ በፊት ከባድ ውጊያ ከተካሄደባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች። ልጆቹ በዚያ ዓመት የተማሩት ትምህርት ምን ያህል እንደሆነ እናንተው ገምቱት። እኛም ጓደኛሞች ተጠራርተን፣ ለጥቂት ሳምንት ሒሳብና ፊዚክስ እናጠናክራቸው ብለን ሄድን። የተሰጠን ክፍል መስኮቱ ረግፏል፤ ላቦራቶሪ የሚል የተጻፈበት ክፍልም ነበር፣ ውስጡ ግን ባዶ መደርደሪያ ነው።

ካን ናይዘር ቢ

የመጀመሪያው ቀን ትምህርታችን ውድቀት ነበር። “ኢነርጂ ምንድነው?” ብለን ጠየቅን። ክፍሉ በአንድ ድምፅ መለሰ፦ “ኢነርጂ ካን ናይዘር ቢ ክሪኤትድ ኖር ዲስትሮይድ!” ዜማ ሁሉ አለው። እሺ፣ ምን ማለት ነው? ዝም። በአማርኛ ንገሩን? ዝም። አንዱ ደፈር ብሎ “ቲቸር፣ እንደዛው ነው የሚጻፈው” አለን። እውነቱን ነው። እኛም የጻፍነው እንደዛው ነው።

በማግስቱ ጠመኔውን ተውነው። ሲባጎ፣ ድንጋይ፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና የአንዳችንን ሞባይል ይዘን ወደ ግቢው ወጣን። አንድ ሜትር ሲባጎ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠልንና ጫፉ ላይ ድንጋይ አሰርን። መጀመሪያ እንቁላል የምታክል፣ ቀጥሎ የሁለት እጅ ጭብጥ የሚያክል። ከመልቀቃችን በፊት ድምፅ ሰጡ፤ የትኛው ፈጥኖ ይመላለሳል? ከሁለት ልጆች በቀር ሁሉም “ትልቁ” አሉ። ቆጠርን። ትንሹ አሥር ጊዜ ለመመላለስ 20 ሰከንድ ፈጀ። ትልቁም 20 ሰከንድ። አላመኑም። “ቲቸር ሞባይሉ ተበላሽቷል” ተባልን። ደገሙት፣ በራሳቸው ስልክ ለኩት፣ ያው ነው። ሲባጎውን ወደ 25 ሳንቲሜትር ሲያሳጥሩት አሥሩ ምልልስ በ10 ሰከንድ አለቀ። ርዝመቱን ለአራት ከፈሉት፣ ጊዜው በግማሽ ቀነሰ። ቀመሩ ውስጥ ያለው ስኩዌር ሩት ለእነሱ ያን ዕለት ትርጉም አገኘ። እውነቱን ለመናገር ለእኛም።

አፍንጫን ማስያዝ

ቀጥሎ የግቢው ጠባቂ አባት መጫኛቸውን አዋሱን። ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተን ከባህር ዛፉ ጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠልን። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ ጀሪካኑን እስከ አፍንጫህ ጫፍ ታመጣዋለህ፣ ሳትገፋው ትለቀዋለህ፣ ከቦታህ ሳትነቃነቅ ትጠብቀዋለህ። ሄዶ ሲመለስ አፍንጫህን ይሰብረዋል ወይስ አይሰብረውም?

ሁሉም ኢነርጂ አይፈጠርም ብለው በአንድ ድምፅ የዘመሩ ልጆች ናቸው። እንግዲያው ጀሪካኑ ከተለቀቀበት ከፍታ በላይ ሊወጣ አይችልም ማለት ነው፤ ከየት አምጥቶ? ግን ማንም አልደፈረም። ያ ዜማ አፍንጫ የሚያስይዝ እምነት አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት ቀጠን ያለች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ “እኔ” ብላ ወጣች። ለቀቀችው። ሲመለስ ዓይኗን ጨፈነች፤ እግሯ ግን አልተነቃነቀም። ጀሪካኑ ጣት ሲቀረው ቆመና ወደ ኋላው ሄደ። አንዱ “ወላሂ!” ሲል ሌላው “በማርያም!” አለ፤ ወሎ ነውና ሁለቱም ባንድ ትንፋሽ። ከዚያ በኋላማ ወረፋው ሌላ ነው።

ፖቴንሻልና ካይኔቲክ የሚሉትን ቃላት ያመጣናቸው ከዚህ በኋላ ነው። አምስት ኪሎ ውሃ 20 ሳንቲሜትር ስታነሱ የሰጣችሁት ኢነርጂ 10 ጁል ገደማ ነው። ታች ሲደርስ ያ 10 ጁል ሙሉ በሙሉ ፍጥነት ሆኗል፣ በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ። ዳር ሲደርስ ተመልሶ ከፍታ ይሆናል። ጣት የጎደለችው ለአየሩና ለመጫኛው የተከፈለች ቀረጥ ናት። “የዥዋዥዌ ነገር ነዋ!” አለ አንዱ። አዎ፣ የዥዋዥዌ ነገር ነው። ስትጫወትበት ያደግከው ነው። ማንም ፊዚክስ ነው ብሎ ስላልነገረህ ነው እንጂ።

ወንፈል

ሦስተኛውን ሙከራ ግን እኛም ሠርተነው አናውቅም፤ ማታ አንብበን ነው የመጣነው። በሁለት ግንዶች መካከል ሲባጎ አግድም ወጠርን፣ ትንሽ ረገብ አድርገን። ግማሽ ሊትር ውሃ የያዙ ሁለት ሃይላንዶች ስንዝር ያህል አራርቀን፣ እኩል ርዝመት ባለው ክር አንጠለጠልንበት። አንዱን ወደ ኋላ ስበን ለቀቅን። ሌላው ዝም ብሎ ቆሟል።

ከዚያ የሆነውን በዓይናችሁ ብታዩት ይሻላል። የሚወዛወዘው ሃይላንድ ቀስ በቀስ ደከመ። ማንም ያልነካው ሁለተኛው ቀስ በቀስ ተነሳ። ጥቂት ቆይቶ የመጀመሪያው ፀጥ ብሎ ቆመ፤ ሁለተኛው በሙሉ አቅሙ ይወዛወዛል። “ሰይጣን አለበት” አለ ከኋላ አንዱ። ሳይጨርስ ነገሩ ተገለበጠ፤ ሁለተኛው እየደከመ የመጀመሪያው እንደገና ተነሳ። አግድም ያለው ሲባጎ በጭራሽ የማይታይ እየመሰለ በጥቂት በጥቂቱ ይጎተታል፣ የአንዱን ጉልበት ለሌላው የሚያደርሰው እሱ ነው።

“ይሄን ምን እንበለው?” ብለን ጠየቅን። ኢነርጂ ትራንስፈር የሚለውን ቃል አዘጋጅተን እየጠበቅን ነበር። ያቺ አፍንጫዋን ያስያዘችው ልጅ ቀደመችን። “ወንፈል ነው” አለች። “ዛሬ ለእሱ ይሠራለታል፣ ነገ ደግሞ ያ ለዚህ ይመልሳል።”

ለከተማ ልጆች፦ ወንፈል ገበሬዎች ተራ ገብተው አንዱ የሌላውን ማሳ የሚያርሱበት፣ የሚያጭዱበት ሥርዓት ነው፤ የተሠራልህን ያህል ትመልሳለህ። በመማሪያ መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላነበብንም። እሷ ግን በዚህ አላበቃችም። የአንዱን ክር በግማሽ አሳጥራ እንደገና ለቀቀችው። አሁን ሁለተኛው ትንሽ ነቃነቅ አለ እንጂ አልተነሳም፤ የመጀመሪያውም አልቆመም። ምልልሳቸው እኩል ጊዜ ካልፈጀ የሚተላለፈው ጥቂት ነው። “እኩያ ካልሆኑ ወንፈል አይገቡም” ብላ ደመደመች።

ክርስቲያን ሃይገንስ የሚባለው የሆላንድ ሊቅ በፈረንጆቹ 1656 የፔንዱለም ሰዓትን የፈለሰፈ ነው። በ1665 ታሞ አልጋ ላይ ሳለ ከአንድ እንጨት ላይ የተሰቀሉ ሁለት ሰዓቶቹ ፔንዱለሞቻቸው ሁልጊዜ እየተናበቡ እንደሚወዛወዙ አየ። ቢያዛባቸውም ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይተው ይስማማሉ። ምሥጢሩ የጋራው እንጨት ነበር። ሃይገንስ ሁለት ሰዓት ነበረው፣ ልጅቷ ሁለት ሃይላንድ። ያዩት ነገር ግን ዘመድ ነው።

የዶሮዋ ጥያቄ

በመጨረሻ ሁለቱም ሃይላንዶች ቆሙ። ያኔ ብዙም የማያወራ አንድ ልጅ ጠየቀ፦ “ቲቸር፣ ካልጠፋ የት ሄደ? ከሄደበትስ ለምን አይመለስም?”

የመጀመሪያውን መለስን። ሙቀት ሆኗል፣ አየሩና ክሩ ውስጥ ነው። ሄዶ ክሩን ዳሰሰው። “አልሞቀም” አለ። አብረን አሰላነው። ሃይላንዱ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ሲል የያዘው ግማሽ ጁል ነው፤ ግማሽ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ግን ወደ 2,100 ጁል ያስፈልጋል። በእጅ አይታወቅም። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ተያዝን። “ነገ” አልነው። ማታ አራታችንም ተከራከርን።

በነጋታው አንድ ጭብጥ ጤፍ ይዘን ሄድንና ሣሩ ላይ በተንነው። “አንድም ፍሬ አልጠፋም፣ ሁሉም እዚሁ ነው። ግን ማን ይሰበስበዋል? ሙቀትም እንደዚህ ነው፤ አለ፣ ግን ተበትኗል” አልነው። ልጁ ሣሩን አየት አድርጎ “ዶሮ ትሰበስበዋለች” አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኛም ሳቅን፤ ስቀን ስንጨርስ ግን ልክ መሆኑ ገባን። ዶሮዋ ትሰበስበዋለች፣ ለመሰብሰብ ግን ራሷ ጉልበት ትከፍላለች። የተበተነውን መሰብሰብ ይቻላል፣ በነፃ ግን አይሆንም። ዩኒቨርሲቲ ገብተን በሦስት ክሬዲት የተማርነው ቴርሞዳይናሚክስ ይኸው ነበር።

የጋራው ክር

ያን ክረምት ተከትሎ የመጣውን ታውቁታላችሁ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ልጆቹ ሰነፎች ናቸው ተባለ፣ መምህራኑ ሰነፎች ናቸው ተባለ። እኛ በእነዚያ ሳምንታት ሰነፍ አላየንም። ያየነው ዜማውን ይዞ ነገሩን ያልነካ ልጅ ነው፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሸምድዶ በአማርኛ የሚያስብ ልጅ።

ክርና ድንጋይ ላቦራቶሪን ይተካል እያልን አይደለም። የተዘረፈ ላቦራቶሪ መመለስ አለበት፣ መምህሩም ከወር ወር የሚያደርስ ደሞዝ ማግኘት አለበት። ግን ማይክሮስኮፕ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ምክንያት የለም። ፕላዝማው የከሸፈብን ስክሪን ስለሆነ ሳይሆን ከእኛ ጋር የጋራ ክር ስላልነበረው ነው። እሱ ሲወዛወዝ እኛ ቆመን እናያለን፤ እኛ ብንወዛወዝ እሱ አያውቅም። ያቺ ልጅ እንዳለችው፣ ያ ወንፈል አይደለም።

ስንለያይ ሲባጎውን እንድንተውላት ጠየቀችን። ተውንላት። በሚቀጥለው ክረምት እንመለሳለን ብለን ነበር። ሐምሌ 2015 ሲደርስ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፣ መንገዱም አላስኬደን አለ። እስካሁን አልተመለስንም። ወንፈልን የጠየቃችሁት ገበሬ ሁሉ ግን አንድ ነገር ይነግራችኋል፤ የተሠራለት ሰው ዕዳ አለበት። እኛ ኩታበር ላይ ተምረናል። ተራው የእኛ ነው።