ያቺ ጥቁር ቆርቆሮ

ዛሬ ፖለቲካ የለም፤ ተረጋጉ። ስለ መኪና ነው የማወራው። መኪና የማትወዱ ማለፍ ትችላላችሁ፤ ግን አንድ ጥፋቴን ስለምናዘዝበት ለሐሜት ሳይጠቅማችሁ አይቀርም።

ታኮማ ፓርክ፣ ከኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ገባ ብሎ፣ አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸውን አልጠራም። ታክሲ ነድተው ልጅ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ደጃቸው ላይ የ1984 ቮልቮ 240 ቱርቦ ቆማለች። (እኛ ሰፈር ድሮ «ተርቦ» ነበር የምንለው፤ ቤንዚን አጠጣጧን ላየ ሰው ስህተት አይደለም።) ሳጥን ትመስላለች ብላችሁ አትናቋት፤ በ1985 የአውሮፓን የቱሪንግ መኪኖች ሻምፒዮና የወሰደችው 240 ቱርቦ ናት።

ጋሼ ቤቱን ለቀው ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ሊገቡ ነው፤ እዚያ ለሁለት መኪና ማቆሚያ የለም። አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ልጃቸው «መንገድ ላይ የማትጥለኝ ከሆነ እኔ እወስዳታለሁ» አለ። ካልሆነ የዚህ አገር ቆራሌው ቅዳሜ መጥቶ ጎትቶ ሊወስዳት ተቀጥሯል።

ችግሯ እንዲህ ነው። ጠዋት ቀዝቅዛ ስታድር በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ነድተዋት ሞቃ፣ አጥፍተዋት ሱቅ ገብተው ሃያ ደቂቃ ቆይተው ሲመለሱ ግን ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ እምቢ። ሰዓት ተኩል ካረፈች በኋላ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። አንድ ቀን በነሐሴ ሙቀት ኢስተርን አቬኑ ላይ፣ የዲሲና የሜሪላንድ ድንበር ላይ ማለት ነው፣ ቆማ ቀርታ ጋሼ «የትኛው ፖሊስ እንደሚያነሳኝ ግራ ገባኝ» እያሉ ያስቁን ነበር። አንድ ጋራዥ ፖምፓ ቀየረላቸው፤ ገንዘባቸውን ተቀብሎ ችግራቸውን መለሰላቸው።

እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ የሠራሁ ሰው ነኝ። እዚህ መሪ ብቻ ብይዝም እጄ አልረሳም ብዬ እመካለሁ። መኪናዋን በክሪክ አንስቼ፣ ማቆሚያ አድርጌባት ገባሁ (በክሪክ ብቻ ከመኪና ስር የምትገቡ፣ እባካችሁ ልጆች አሏችሁ)። ከፖምፓው አጠገብ አንዲት ጥቁር ክብ ቆርቆሮ አለች። ጋሼ በምርኩዛቸው እያመለከቱ «ይቺ ደግሞ ምንድናት?» አሉኝ። በሕይወቴ አይቻት አላውቅም። አፌ ግን «ፊልትሮ ናት ጋሼ፣ እሷን ነው የምንቀይረው» አለ።

ፊልትሮ ገዛሁ። ይዤ ስገባ አይመሳሰሉም። ፊልትሮ ቤንዚን በአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ የፍሰቱን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስትም አለበት። የዚህችኛዋ ሁለቱም የብረት ቱቦዎች በአንድ ጫፍ ነው የተሰኩት፤ በሌላው ጫፍ ቀጭን የጎማ ቱቦ አላት። ኮፈኑን ስከፍት ደግሞ እውነተኛው ፊልትሮ እዚያ ተቀምጧል። አንድ ሳምንት እንዲህ ሄደ።

ሶማሌ ተራ ቢሆን ዕቃውን ፈትቼ በጨርቅ ጠቅልዬ እሄድና አንዱ ባለሱቅ እንደ ሽንኩርት አገላብጦ አይቶ ስሟን ይነግረኝ ነበር። እዚህ የሚናገረው ቁጥሩ ነው። በብሩሽና በጨርቅ የአርባ ዓመት ጭቃዋን ጠረግኩት፤ «ቦሽ» የሚል ጽሑፍና በ0 438 170 የሚጀምር ቁጥር ብቅ አለ። አሮጌ መኪና ለሚሠራ ኤልሳልቫዶራዊ ወዳጄ ደውዬ ሳነብለት፣ ሳልጨርስ «አኩሙሌተር» አለኝ። እኔ ባትሪ መስሎኝ «ባትሪውማ አዲስ ነው» አልኩት። እስካሁን ይስቅብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህች መኪና ኬ-ጄትሮኒክ የሚባል የቦሽ ሥርዓት ነው ያላት፤ በ1973 ገበያ ላይ የወጣ። ኢንጀክተሮቹ እንደ ዘንድሮ መኪና በኮምፒውተር ትእዛዝ ከፈት ዘጋ አይሉም፤ ግፊቱ 3.5 ባር አካባቢ ሲደርስ ይከፈታሉ፣ ሞተሩ እስካለ ድረስ ሳያቋርጡ ይረጫሉ። በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት 5 ባር ገደማ ነው። የመኪናችሁ ጎማ ውስጥ ያለው ሁለት ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ልዩነቱን አስቡት። ሁሉም ነገር ያለው ግፊቱ ላይ ነው።

አሁን ሞተሩን አጠፋችሁ። ፖምፓው ቆመ፤ ቱርቦው ግን ገና ፍም ነው፤ ሙቀቱ ወደ ቱቦዎቹ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ባቄላ ለምን አልበስል እንደሚል ታውቃላችሁ? ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ውኃው በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ለዚህ ነው እናቶቻችን የግፊት ድስት የወደዱት፤ ግፊት ሲጨመር ፈሳሽ ቶሎ አይፈላም። ቤንዚንም እንደዚያው። ግፊቱ ከተያዘ ፈሳሽ ሆኖ ይጠብቃል፤ ከወደቀ ቱቦው ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፣ ኢንጀክተሩም እንፋሎት ይተፋል። ያቺ ቆርቆሮ ውስጧ ሞላና ስስ የጎማ ሽፋን አለ። ሞተሩ ሲሠራ ቤንዚኑ ሞላውን ይጨምቀዋል፤ ሲጠፋ ሞላው መልሶ ቤንዚኑን ይገፋል፤ ግፊቱ እንዳይወድቅ ይጠብቃል። ሥራዋ የሚጀምረው መኪናው ሲጠፋ ነው!

በእርግጥ ፖምፓው ላይ ያለው መመለሻ ቫልቭ ቢያፈስም ተመሳሳይ ችግር ይመጣል። እሱ ግን ከፖምፓው ጋር ተቀይሯል። ስለዚህ ጌጅ ሳልገዛ ቀላሉን ፈተና ሞከርኩ። ቀጭኗ የጎማ ቱቦ የምትነሳው ከሽፋኑ ጀርባ፣ ከሞላው በኩል ነው፤ ያ በኩል ደረቅ መሆን አለበት። ነቀልኳት። ቤንዚን ተንጠባጠበ። ሽፋኑ ተቀዷል። (ይህን የምትሞክሩ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ባትሪው ይነቀል፣ ሲጋራ አጠገቡ አይድረስ። መስመሩ ከቀናት በኋላም ግፊት ሊይዝ ይችላል፤ ዓይናችሁን ሸፍኑ።)

በሙሉ ቁጥሩ አዘዝኩ። የመርሴዲስም የፖርሽም ተመሳሳይ ቆርቆሮ አላቸው፤ ግን መልክ ስለተመሳሰለ አይገጠምም፣ የሞላው ጥንካሬ ይለያያል። ሐሙስ ደረሰች፤ ገጠምኳት።

ከመኪናዋ ስር ስወጣ ጋሼ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። «ጋሼ፣ ያኔ ፊልትሮ ናት ያልኩዎት ውሸቴን ነው። አላወቅኳትም ነበር» አልኩ።

«አውቄያለሁ» አሉ። «ፊልትሮ ስትል ድምፅህ ቀጠነ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«መኪና ስር ተኝተህ ላሳፍርህ?»

ዓርብ ልጃቸው መጥቶ ወሰዳት። የዉድሮው ዊልሰንን ድልድይ በዚያ ትራፊክ ተሻግሮ አንድ ማደያ ገባ፤ አጠፋት፣ ሆን ብሎ ሃያ ደቂቃ ቆየ። ከዚያ ለአባቱ ደወለና ስልኩን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠው። ጋሼ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሮአቸውን አስጠጉ። ሞተሪኖው አንዴ ዞረ፤ ተነሳች። ለብዙ ጊዜ አልዘጉትም፤ ያዳምጡ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ለዚያ ጎታች ደውልና ቅዳሜ እንዳይለፋ በለው» አሉኝ።