የዶስ ጌሞች በጭላሎ ግርጌ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ስላረጀ ብቻ አይጣልም። በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ንብረት ከመዝገብ የሚሰረዘው ኮሚቴ ተሰይሞ፣ ግምት ወጥቶለት፣ ጨረታ ተጠርቶበት ነው። እስከዚያው እግሩ ከተሰበረ ወንበርና ቀለሙ ከደረቀ ማባዣ ጋር ንብረት ክፍል ይከርማል። እንደ አሰላ ባለ የዞን ከተማ፣ ግብርናውም ጤናውም ትምህርቱም የየራሱ መጋዘን ባለው ቦታ፣ ሆዱ የተነፋ ስክሪን ያለው 386 ወይም 486 ከአንዱ ጥግ ብቅ ቢል የሚደንቅ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር ዶስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና፣ ወርድ ፐርፌክትና ሎተስ ተምሮ ሰርተፊኬት የተቀበለ ሰው ሁሉ ያንን ጥቁር ስክሪን ያስታውሰዋል።

ዛሬ ምን ይሠራበታል? ለደብዳቤ ስልክ ይቀድመዋል። ለኢንተርኔት አቅም የለውም። ለጌም ግን ይሆናል፤ ያውም ዛሬም ሰዎች እየጻፉና እያሻሻሉ በነጻ ለሚያድሉት ጌም። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች፣ ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ መጠኑ። አንድ ፍሎፒ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ነው፤ ብዙ የዶስ ጌም ደግሞ በአንድ ወይም በሁለት ፍሎፒ ያልቃል። የዛሬ ስልክ የሚያነሳው አንድ ፎቶ ከዚያ ይበልጣል። በራቸው ላይ «ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን» ብለው የለጠፉ ሱቆች በአንዲት ሜሞሪ ካርድ የአንድ ዘመን ጌም በሙሉ ከአሰላ እስከ በቆጂ ሊያዳርሱት ይችላሉ። የኢንተርኔት ካርድ መግዣ የሌለው ልጅም ድርሻውን ያገኛል።

ማዳረሱ ቀላል ነው፤ ጥያቄው መብቱ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል። የድሮ ጌም መሆኑ ነጻ አያደርገውም። ሻጩ ገበያውን ትቶ ቢሄድም ባለቤትነቱ አብሮት አይሄድም፤ በየፍላሹ የሚዞረው አብዛኛው የዶስ ጌም በዚህ ጭጋግ ውስጥ ያለ ነው። ሌላው ዓይነት ሼርዌር ነው፦ የመጀመሪያውን ክፍል እንደልብ አባዛ፣ ቀሪውን ግዛ። ሦስተኛው ዓይነት ግን ፈጣሪው የጻፈውን ኮድ ራሱን ገልጦ፣ «አንብበው፣ ለውጠው፣ ለሌላው አሳልፈው» የሚል ፈቃድ አያይዞ የለቀቀው ነው። አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ጌም ዛሬም ሕያው ሆኖ ሲገኝ፣ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ነው።

ለምሳሌ ኔትሃክን እንይ። መጀመሪያ የወጣው በ1987 ነው። ሥዕል የለውም፤ ጀግናው «@» የምትባለዋ ምልክት ናት፣ ጭራቆቹ ደግሞ የላቲን ፊደሎች። ኮዱ ክፍት ስለሆነ አንዱ ትውልድ ሲደክም ሌላው እየተረከበ ከዶስ ሳይነቅለው እስከ ቅርብ ዓመታት አድርሶታል።

የዱም ታሪክ የበለጠ ያስተምራል። ጌሙ በታኅሣሥ 1993 ወጣ፤ አሳታሚው አይዲ ሶፍትዌር ከአራት ዓመት በኋላ ኮዱን ለሕዝብ ለቀቀ። የተለቀቀው ግን የዶሱ ሳይሆን የሊኑክሱ ኮድ ነበር፤ ምክንያቱም በዶሱ ውስጥ ድምፅ የሚያወጣው ክፍል የሌላ ሰው ንብረት ነበረና ለመስጠት መብት አልነበራቸውም። በ1999 ፈቃዱ ጂፒኤል ወደተባለው የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ተለወጠ። እዚህም ላይ ግን የተከፈተው ሞተሩ ነው፤ ሥዕሉ፣ ድምፁና ካርታው ዛሬም ባለቤት አላቸው። ይህን ጉድለት ለመሙላት ፍሪዱም የተባለው ፕሮጀክት ሥዕሉንም ድምፁንም ካርታውንም ከዜሮ ሠርቶ በነጻ አቀረበ። ፋስትዱም የተባለው ሌላ ፕሮጀክት ደግሞ ሞተሩን ወደ ዶስ መልሶ፣ በተለይ ለ386 እና ለ486 እንዲፈጥን አድርጎ አሻሻለው። ስለዚህ በ1993 ዱምን በግድ የሚጎትት ኮምፒውተር ዛሬ ያንኑ ጌም በተሻለ ፍጥነት ያጫውታል፤ ማሽኑ ሳይለወጥ።

ዜድዜድቲም አለ፤ በ1991 ቲም ስዊኒ የጻፈው ትንሽ ጌም። ስዊኒ የኤፒክ ጌምስ መሥራች ነው፤ ፎርትናይትን ያወጣው ኩባንያ ከዚህ ይጀምራል። የዜድዜድቲ ኮድ ግን ጠፍቶ ነበር። አድሪያን ሼከርካ የተባለ ፕሮግራመር ከተዘጋጀው ፕሮግራም ተነሥቶ ኮዱን መልሶ ገነባና በ2020፣ በስዊኒ ፈቃድ፣ ለሁሉም ክፍት አደረገው።

እነዚህን ሁሉ የሚሸከመው ዶስም ራሱ ነጻ እትም አለው። በ1994 ማይክሮሶፍት ዶስን ሊተወው መሆኑ ሲሰማ ጂም ሆል የተባለ የፊዚክስ ተማሪ በሰኔ 29 «ነጻ ዶስ እንጻፍ» ብሎ ጥሪ አቀረበ። ከዚያ የተወለደው ፍሪዶስ የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ በ2006 ወጣ፤ 1.4 የተባለው ደግሞ በሚያዝያ 2025። ፍሪዶስ የሚሰራጨው ከጌሞች ስብስብ ጋር ነው። ማይክሮሶፍትም ቢሆን በ2024 የዶስ 4.00ን ኮድ በክፍት ፈቃድ ለቋል።

አሁን ወደ አገር ቤት። በዚያው በዶስ ዘመን ኢትዮጵያውያን ትልቅ ሥራ ሠርተው ነበር። በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩት ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ ፊደልን በኮምፒውተር የሚጽፍ ፕሮግራም አዘጋጁ። ከዚያም አጋፋሪ፣ ዋሸራ፣ ፓወር ግዕዝና ሌሎችም መጡ፣ አንዳንዱ በዶስ፣ አንዳንዱ በዊንዶውስ። ሥራው ቀላል አልነበረም። የዶስ የፊደል ሠንጠረዥ 256 ቦታ ብቻ አለው፤ 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ይሆናል። የእንግሊዝኛው ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት 95 ቦታ ይፈልጋል። ሁለቱ ተደምረው 326 ናቸው። ቪጂኤ ካርድ ሁለት ሠንጠረዥ ባንድ ጊዜ ጭኖ እስከ 512 ፊደል ማሳየት ይችላል፤ ዋጋው ግን ከጽሑፍ ቀለሞቹ ግማሹን ማጣት ነው። እያንዳንዱ አዘጋጅ ይህን እንቆቅልሽ በራሱ መንገድ ፈታው፤ የአንዱ «ሀ» ያለበት ቁጥር ላይ የሌላው «ጨ» ተቀመጠ።

ውጤቱን ዘመኑን የኖረ ጸሐፊ ሁሉ ያውቀዋል፦ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። ዓለም አቀፉ የቁምፊ መለያ ሥርዓት ዩኒኮድ ፊደልን በ3.0 እትሙ በ1999፣ በ345 ቁምፊ ሲቀበል ወደፊት የሚጻፈው ዳነ። ቀድሞ የተጻፈው ግን በየፕሮግራሙ ቁልፍ ተዘግቶ ቀረ፤ አዘጋጁ ሥራውን ሲያቆም ወይም ማሽኑ ሲሞት፣ ኮዱ በሌላ ሰው እጅ ስለሌለ የሚያስነሣው የለም። በዚያው ወቅት የተወለደው ኔትሃክ ግን ዛሬም ይጫወታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሙያ ልቀት አይደለም፤ የኛዎቹ ከባዱን ፈተና ተወጥተው ነበር። ኮዱን የማሳለፍ ፈቃድ ግን በአንደኛው ነበር፣ በሌላው አልነበረም።

ከዚያ ዘመን በሌላ መንገድ የተጓዙም አሉ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ፊደልን በተራ የላቲን ቁምፊ የሚወክለውን «ሴራ» የተባለ ሥርዓት አወጡ፤ ደንቡ ለማንም ግልጽ ስለነበር ነጻ ሶፍትዌር ውስጥ ገብቶ ቀረ።

አሰላ ባለችበት በአርሲ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ልጆቹ በአብዛኛው የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አፋን ኦሮሞ በ1991 ቁቤን ከተቀበለ ወዲህ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ይህ ማለት ማንኛውም የዶስ ኮምፒውተር፣ የ1981ዱ የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ሳይቀር፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም አፋን ኦሮሞን ያሳያል። ሁዻ የምትባለዋ የ«'» ምልክት እንኳ ከሠንጠረዡ ውስጥ አለች። ኮዱ ክፍት የሆነን የጽሑፍ ጌም ለአሰላ ልጅ በቋንቋው ማቅረብ በኮዱ ውስጥ በጥቅስ ምልክት መካከል ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች ከመተርጎም ብዙም የዘለለ ሥራ የለውም። ለአማርኛው ግን እንደ 512ቱ ያለ ብልሃት ያስፈልጋል።

ክፍት ኮድና የኢትዮጵያ ልጆች ከዚህ በፊትም ጎን ለጎን ተጠርተዋል። በ1989 የወጣው ሲምሲቲ የተባለ ጌም በጥር 2008 ማይክሮፖሊስ በሚል ስም ኮዱ የተከፈተው ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ ለማዳረስ ለተነሣው ፕሮጀክት ተብሎ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የዚያ ፕሮጀክት አረንጓዴ ላፕቶፖች ኢትዮጵያም ገብተዋል። በ2012 ይኸው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አስተማሪ ለሌላቸው ልጆች ታብሌት አደለ፤ በአምስት ወር ውስጥ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው እንደከፈቱት የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ተናግሯል። ሊከፈት የሚችል ነገር እጁ ላይ የገባ ልጅ መክፈቱ አይቀርም።

ከመጋዘን የወጣውን ማሽን ለማስነሣት ጥቂት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ባትሪው ነው። በብዙ 386 እና 486 ማዘርቦርዶች ላይ የተበየደው ኒኬል ካድሚየም ባትሪ በእርጅና እየፈሰሰ የመዳብ መስመሮቹን ይበላል፤ ኮምፒውተሩን ከማብራት በፊት ከፍቶ ባትሪውን መንቀል ይቀድማል። ሁለተኛው ሃርድ ዲስኩ ነው፤ እዚህ ላይ የአርሲ ተራሮች ራሳቸው ይገቡበታል። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ በሚሽከረከረው ሳህን ላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንብርብር ነው። አየሩ ሲሳሳ ማንበቢያው ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ብዙ አምራቾች ከ3,048 ሜትር በላይ እንዳይሠራበት ይጽፋሉ። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በቆጂ 2,800 አካባቢ፤ ሁለቱም ከመስመሩ በታች ናቸው። ከዚያ ወደ ጭላሎና ወደ ካካ ተራሮች ወገብ የሚወጣ ትምህርት ቤት ግን ወሰኑ ላይ ይደርሳል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ የድሮ ካሜራ የሚጠቀምበት ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ የሃርድ ዲስኩን ቋንቋ ስለሚናገር፣ በትንሽ ማገናኛ በቦታው ይተካል። የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ከፍታው አይነካውም።

ከዚያ ምን ይጫንበት? ፍሪዶስ፣ ኔትሃክ፣ ፋስትዱም ከፍሪዱም ጋር። ከእነዚህ ጎን ግን ባዶ ቦታ አለ፤ የሚሞላውም ገበጣ ነው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የገበጣ ዓይነቶች መዝግበዋል። መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በጠጠር የሚጫወት እረኛ ማንንም አያስፈቅድም፤ አገሩ ሕጉን በመሰለው ለውጦ ለቀጣዩ ያሳልፈዋል። አሜሪካ ውስጥ ግን ዊሊያም ቻምፒየን የተባለ ሰው ከዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ካላህን አሻሽሎ በ1950ዎቹ ፓተንት አወጣበት፤ በ2000 ደግሞ ኖኪያ 3310 ባንቱሚ ብሎ በስልክ አመጣው። ገበጣን በኤሌክትሮኒክስ መጀመሪያ በዚያ ስልክ የተጫወተ ሐበሻ አይጠፋም፤ የጌሙ ሕግ ግን የሰፈሩ ሕግ አልነበረም፤ ተጫዋቹም ሊለውጠው አይችልም ነበር።

ለዶስ መጻፉ የጀማሪ ሥራ ነው። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ ያለውን ዓይነት ብንወስድ፣ ሰሌዳው አሥራ ሁለት ቁጥር ነው። ጠጠር መዝራት ማለት ከቁጥሮቹ አንዱን ባዶ አድርጎ ቀጣዮቹ ላይ አንድ አንድ መጨመር ነው። በዶስ ላይ የሚሠራው ፍሪቤዚክ የተባለ የፕሮግራም መጻፊያ ክፍት ኮድ ነው፤ አርሲ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ይህን የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም። የአሰላውን ሕግ፣ የበቆጂውንና የዶዶታውን ከአዛውንቶች ጠይቆ በምርጫ ማስገባትም ይቻላል።

ፍሎፒው ላይ ከፕሮግራሙ ሌላ ሁለት ፋይሎች ሊኖሩ ይገባል፦ ኮዱና ፈቃዱ። አዋጁ ደራሲው ዝም ካለ «አትቅዳ» እንዳለ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ተማሪው ማንም እንዲያባዛውና እንዲለውጠው ቢፈልግ እንኳ በጽሑፍ ካላሰፈረው፣ ጌሙ በየሜሞሪ ካርዱ ቢዞርም ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያሻሽለው ሰው እንደ አጋፋሪና እንደ ዋሸራ ፋይሎች ከተዘጋ በር ፊት ይቆማል። የጂፒኤል ሙሉ ጽሑፍ ደግሞ ከ40 ኪሎባይት አይበልጥም፤ ፍሎፒው ላይ ከሰላሳ አንድ እጅ እንኳ አይይዝም።