ነፍሰ ገዳዩ ጎረቤት ሲሆን

ሰው የተገደለበትን ታሪክ እያነበቡ መሳቅ ነውር ይመስላል። እኔ ግን አመሻሽ ላይ ሀዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምስቅባቸው መጻሕፍት እንደዚያ ያሉት ናቸው፦ ትንሽ መንደር፣ አንድ ሬሳ፣ የሁሉንም ገመና የሚያውቁ ጎረቤቶች።

የአጋታ ክሪስቲን ሚስ ማርፕል እዩ። ማርፕል ባሉበት፣ በ1930 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጀመሪያ ረጅም ልቦለድ ተራኪው የመንደሩ ቄስ ናቸው። ቄሱ ምሳ ላይ "ኮሎኔሉን የገደለ ለዓለም ውለታ ዋለ" የሚል ነገር ያመልጣቸዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ኮሎኔሉ እዚያው ቄሱ ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ይገኛል። አጠገቡ ያለው ሰዓት መርማሪውን ያሳስታል። ለካ ቄሱ ቀጠሮ እንዳያረፍዱ ሆን ብለው ሩብ ሰዓት ያስቀድሙታል፤ ይህን የሚያውቀው ደግሞ ቤተኛ ብቻ ነው። ማርፕል አትክልት እየኮተኮቱ፣ ወፍ አያለሁ ብለው መነጽር እያነሡ መንደሩን ሲጠብቁ ይውላሉ። ፖሊሱ የናቃቸው እኚህ አሮጊት ናቸው እንቆቅልሹን የሚፈቱት።

ቡና እየተጠራራ በሚጠጣ ሰፈር ያደገ ሰው እኚህን ሴት ያውቃቸዋል። የማን በር ስንት ሰዓት እንደተከፈተ፣ ማን ያለወትሮው ጋዝ እንደገዛ የሚያስታውሱ እናት በየሰፈራችን አሉ።

እኛ ዘንድ ይህ በልቦለድ ብቻ የቀረ አይደለም። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ነበረን። አጥፊው ያልታወቀ ወንጀል ሲፈጸም ያገሬው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ እርሻው ይቆማል። የሚያውቅ ሰው ስሙ እንዳይነሣ ነገሩን በ"ወፍ" ያሳብባል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ "አፈርሳታ" የሚል ልቦለድ በእንግሊዝኛ ጽፈውበታል፤ ቦታው የጉራጌ መንደር፣ መነሻው የአንድ ገበሬ ጎጆ በእሳት መውደሙ ነው። ግድያ የለበትም፣ ግን ለእኔ የዚህ ዘውግ የቅርብ ዘመድ ነው።

ወሬ ንጹሕ ሰው እንደሚያጠፋ አውቃለሁ። በእነዚህም መጻሕፍት መንደሩ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ብዙውን ጊዜ መጤውን ወይም ብቸኛውን ነው። ደጉ ነገር ታሪኩ እዚያ ላይ አለመቆሙ ነው፤ ሰዎቹን አስተውላ የምታውቅ አንዲት ሴት የተጠረጠረውን ነፃ ታወጣለች። እኔን የሚያጽናናኝም ይኸው ነው፦ አንድ ሰው ሲሞት መንደሩ በሙሉ ሥራውን ፈትቶ "ማን? ለምን?" ይላል። ሀዋሳ እየሰፋች ነው፤ ግድግዳ ተጋርተን ስም የማንተዋወቅ ሰዎች በዝተናል። ይህን ሳስብ እውነቱን ለመናገር እፈራለሁ።

ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልቦለድን በአማርኛ ካስለመዱን ቀዳሚዎቹ ናቸው፤ ማሞ ውድነህም የስለላ መጻሕፍትን እየተረጎሙ አስነብበውናል። አሁን የምመኘው የመንደሩን፣ የሚያስቀውን ነው። ከሀዋሳ ወጣ ብሎ ያለ የሲዳማ ቀበሌ ይሁን። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ለሶንጎ ተቀምጠው ሁሉም የየራሱን ግምት ያወራል። አንዲት እናት ግን ዝም ብለዋል። የጎረቤታቸው የቆጮ ጉድጓድ ያለጊዜው ተከፍቶ፣ እንደ ነገሩ እንደገና መከደኑን አይተዋል፤ ያ ጎረቤት ደግሞ ለጉድጓዱ ክዳን ሲጨነቅ የሚያድር ሰው ነው።

ከእናንተ መሀል ጸሐፊ ካለ ፍንጩን ይውሰደው። ጉድጓዱ ውስጥ ምን እንዳለ እሱ ይወስን።